ግራጫው ጋቢ

ዲጂታል ፎቶግራፍ የሚማር ተማሪ ከአርባ ምንጭ በላይ ወዳለው የሸማኔዎች አገር ወደ ዶርዜ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያበላሸው ጋቢ ነው። ጋቢው ነጭ ነው። በባለቤቱ ዓይን ነጭ፣ በጎረቤት ዓይን ነጭ፣ በተማሪው በራሱ ዓይንም ነጭ። ከካሜራው ጀርባ ባለችው ትንሽ ስክሪን ሲታይ ግን ሁለት ክረምት ሳይታጠብ የከረመ ይመስላል።

ያን ጊዜ የሚከተለው ንግግር ከሞላ ጎደል የታወቀ ነው። የጋቢው ባለቤት፣ ሸማኔው፣ እግራቸውን ከሽመናው ጉድጓድ ሳያወጡ አንገታቸውን ሰገግ አድርገው ስክሪኑን ያያሉ።

«ይሄ የማን ጋቢ ነው?»

«የእርስዎ ነው፣ አባባ።»

«የኔማ ነጭ ነው።»

«ካሜራው ነው አባባ፣ ትንሽ…»

«እንግዲያው እሱን እጠበው፣ ልጄ።»

ተማሪው ስቆ ያልፈዋል። ማጠቡማ ምን ችግር አለው፣ ማታ ላፕቶፑ ላይ በፎቶሾፕ ይታጠባል። ሽማግሌው ግን ሳያውቁት የኮርሱን የመጀመሪያ ምዕራፍ ተናግረዋል፤ እድፉ ያለው ካሜራው ውስጥ ነው።

ካሜራ ነጭ የሚባል ነገር አያውቅም። ውስጡ ያለው የብርሃን መለኪያ ፊቱ የቆመው ነገር ሁሉ ተደባልቆ ሲታይ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ያምናል። የፎቶግራፍ መጻሕፍት ይህን ግራጫ ካረፈበት ብርሃን 18 በመቶውን መልሶ የሚያንጸባርቅ ይሉታል። መለኪያው ነጭ ሲያይ ብርሃን በዛ ብሎ ይቀንሳል፤ ጥቁር ሲያይ ጨለመ ብሎ ይጨምራል። ጋቢና ከሰል ተራ በተራ ቢቀርቡለት ሁለቱንም አስታርቆ አመድ ያደርጋቸዋል።

መድኃኒቱ አንዲት ቁልፍ ናት። ፕላስና ማይነስ ተጽፎባታል፤ ነጭ ልብስ ሲነሣ ወደ ፕላስ አንድ፣ አንዳንዴም ወደ ፕላስ አንድ ተኩል ትገፋለች። ምዕራፉ በዚህ ያልቃል። ተማሪው ይህንኑ ለፈተና ሸምድዶ «ኤ» አግኝቶበታል። ቁልፏ ካሜራው ላይ የት እንዳለች መፈለግ የጀመረው ግን ዶርዜ ላይ ጋቢው ከጠቆረ በኋላ ነው።

ለዚህ ተማሪውን ብቻ መውቀስ አይገባም። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ፎቶግራፍን በኮርስ የሚያገኙት በአብዛኛው የጋዜጠኝነትና የሥነ ጥበብ ተማሪዎች ናቸው፤ ካሜራው ደግሞ ብዙ ጊዜ የቡድን ነው። አንዱ ያነሣል፣ አንዱ ቦርሳ ይሸከማል፣ አንዱ የሌንሱን ክዳን ኪሱ ከትቶ ይረሳል፣ የቀሩት «እኔም ልሞክር» ይላሉ። ወረፋው ሲደርሳቸው ባትሪው ያልቃል። ሴሚስተሩ ሲዘጋ ብዙ ላይክ ያገኘው ፎቶ ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሩቅ የሚያይ ተማሪ ፎቶ ነው፤ እሱም የተነሣው በስልክ ነው።

ዕቃው ራሱ ሲወለድ እንዲህ የሚኮራበት አልነበረም። የኮዳክ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሶን እ.ኤ.አ. በ1975 የሠራው የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ 3.6 ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበር። ምስሉ ጥቁርና ነጭ፣ 100 በ100፣ ማለትም 10,000 ፒክስል ብቻ። አንዷን ምስል ካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ በ23 ሰከንድ ውስጥ የዶርዜ ሸማኔ መወርወሪያውን ከግራ ቀኝ ደጋግሞ አመላልሶ ለጎረቤቱ ሰላምታ ይመልሳል። ዛሬ ተራ የሚባለው ስልክ ከ12 ሚሊዮን በላይ ፒክስል ኪስ ውስጥ ይዞ ይዞራል። ጋቢ የማጥቆር አመሉ ግን ገና አለቀቀውም።

ካሜራን ማመንና አለማመን ከተነሣ የዶርዜን ነብር አለማንሣት አይቻልም። ፈረንሳዊው አንትሮፖሎጂስት ዳን ስፐርበር ዶርዜ ተቀምጦ አጥንቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ስለ ተምሳሌት ባሳተመው መጽሐፍ ያሰፈራት አንዲት ነገር በሙያው ሰዎች ዘንድ እስከ ዛሬ ትጠቀሳለች። ዶርዜዎች ነብር ክርስቲያን ነው፣ ጾም ያከብራል ይላሉ። ታዲያ ነብር ጾመኛ ነው ብሎ ከብቱን ረቡዕና ዓርብ ያለ ጠባቂ የሚለቅ ዶርዜ የለም። ነብር ይጾማል፤ ነብር በየቀኑም አደገኛ ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው፣ ማንም በዚህ አይጨነቅም።

ካሜራው ላይ «ኦቶ» የሚባለው ምልክትም ጾመኛ ነብር ነው። አብዛኛውን ቀን ሰላም ነው፤ ፍየሏ ግን መታሰር አለባት። የፍየሏ ገመድ ሂስቶግራም ይባላል። ስክሪኑ ላይ ተራራ መስላ የምትወጣ ትንሽ ሥዕል ናት፤ ግራዋ ጨለማ፣ ቀኟ ብርሃን። የጋቢው ተራራ ወደ ቀኝ ጠጋ ማለት አለበት፣ የቀኙን ጠርዝ፣ ግድግዳውን፣ ግን መግጨት የለበትም። ከገጨ ፈትሉ ሁሉ ይጠፋና ሽማግሌው ከአንገታቸው በታች መንፈስ ይሆናሉ። ስክሪኑ ራሱ በፀሐይ የጠቆረ፣ በጥላ የፈካ ስለሚመስል አይታመንም፤ ተራራዋ ትታመናለች።

ነብሩ ጾሙን በአደባባይ የሚፈታው ሐይቆቹ ላይ ነው። ከአርባ ምንጭ ወደ ዶርዜ የሚወጣው መንገድ ሲጠማዘዝ አባያና ጫሞ ከታች ይታያሉ፣ በመካከላቸው የእግዜር ድልድይ። ጫሞ እንደ ደንቡ ወደ ሰማያዊ ያደላል። አባያ ግን ውኃው ውስጥ ከሚንሳፈፈው ደቃቅ ደለል የተነሣ ቀላ ያለ ቡናማ ነው። የቀለሙን ሚዛን በራሱ የሚያስተካክለው «ኦቶ ዋይት ባላንስ» ይህን አይቀበልም። አንድ ቀለም ሥዕሉን ሲሞላው ጥፋቱ የመብራቱ ነው ብሎ ያንኑ ቀለም ይቀንሳል፤ አምፖል ለሚበራበት ሳሎን ደግ ሐሳብ ነው፣ ለአባያ ግን ስድብ ነው። የተረፈውን ተማሪው ማታ ይጨርሰዋል። ሐይቅ ሰማያዊ ነው ተብሎ ስላደገ ሰማያዊውን ገፋ፣ ገፋ ያደርግና ይለጥፈዋል። የአርባ ምንጭ ልጅ ከሥር ይጽፍለታል፦ «ጫሞን በዚህ በኩል ከየት አመጣኸው?»

ያው መንገድ የሹተር ስፒድ ቤተ ሙከራ ነው። መኪና ሲመጣ እየሮጡ ወጥተው የሚጨፍሩት ልጆች እግር በ1/60 ሰከንድ ሲነሣ ጭስ ይሆናል፣ በ1/500 ሲነሣ ቀጥ ብሎ ይደርቃል። በመካከሉ ጭፈራ የሚመስለውን ቁጥር ለማግኘት ብዙ መሞከር ያስፈልጋል። ሞዴሎቹ የሙከራ ፎቶ የሚባል ነገር አያውቁም፤ ሂሳብ የሚጠይቁት ለደበዘዘውም ለጠራውም እኩል ነው።

ዶርዜ ሲደረስ ካሜራውን ቤቱ ይጠብቀዋል። ዶርዜ ልብስ ብቻ አይሸምንም፣ ቤቱንም ከቀርከሃ ሸምኖ ያቆማል። አዲስ ሲሠራ ቁመቱ እስከ 12 ሜትር ይደርሳል። ፊቱ የዝሆን ራስ ነው፤ ወደ ፊት የወጣው በር ኩምቢ፣ ከላይ ያሉት ሁለት ቀዳዳዎች ዓይን። ተማሪው ቤቱን በሙሉ ለማስገባት ሰፊ ሌንስ ይገጥምና ወደ ላይ ያነጣጥራል። ያን ጊዜ ቤቱ አናቱ ጠብቦ ወደ ኋላ ሊወድቅ ያለ ይመስላል። ይህ የሌንሱ ጥፋት አይደለም፤ ወደ ላይ ቀና ብሎ የተነሣ ረጅም ነገር ሁሉ አናቱ ይጠባል። መፍትሔው ወደ ኋላ ርቆ ካሜራውን ቀጥ አድርጎ መያዝ ነው። ወደ ኋላ የራቀ ተማሪ ግን እንሰት ውስጥ ይገባል፤ ቤቱ ቀርቶ የሚነሣው ቅጠል ይሆናል። ፎቶሾፕ ያዘመመውን ያቃናል፣ ሲያቃና ግን ከዳር ከዳር ይቆርጣል፣ የሚቆርጠውም ብዙውን ጊዜ አጥሩንና አጥሩ ሥር የተቀመጡትን ሴትዮ ነው።

ቆረጣን በተመለከተ በዶርዜ ከተማሪው የቀደመ ባለሙያ አለ፤ ምስጥ። ምስጥ የቤቱን እግር ከታች ይበላል፣ ባለቤቱ የተበላውን ያስወግዳል፣ ቤቱ ዝቅ ይላል። ከዓመታት በኋላ እንደገና ይበላል፣ እንደገና ዝቅ ይላል። ስለዚህ አጭር ቤት ሽማግሌ ቤት ነው። ሥፍራው ካልተስማማም ሰው ተሰብስቦ ቤቱን እንዳለ ያነሣና ሌላ ቦታ ያሳርፈዋል። ክሮፕና ሙቭ ማለት ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ምስጥ ኮንትሮል ዜድ የለውም።

ቤቱ ውስጥ ሲገባ ጨለማ ነው። እሳት ይነድዳል፣ ጭስ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከብቶቹ በክፍላቸው ሆነው ይተነፍሳሉ። ተማሪው የካሜራውን የብርሃን ስሜት፣ አይኤስኦውን፣ ወደ 6,400 ያወጣል፤ የሚያገኘው ፎቶ ጤፍ የተበተነበት ይመስላል። ፍላሽ ሲያበራ ደግሞ ብርሃኑ ጭሱ ላይ ተላትሞ ይመለስና ቤቱ በጉም ይሞላል፣ ላሟም ትደነግጣለች። እንዝርት ይዘው በሩ አጠገብ የተቀመጡት እናት ግን አንድ የፎቶ ስቱዲዮ በብዙ ገንዘብ የሚገዛውን ብርሃን በነፃ አግኝተዋል። ከአንድ በኩል የሚገባ፣ ለስላሳ፣ ጉንጭን አብርቶ ጆሮን በጥላ የሚተው ብርሃን ነው። እርሳቸው እዚያ የተቀመጡት ባዘቶው እንዲታያቸው ነው። ለመሥራት የሚበቃ ብርሃን ለመነሣትም ይበቃል፤ ተማሪው ይህን ሲያስተውል ፍላሹን ወደ ቦርሳው ይመልሳል።

ቀጥሎ ሽመናው አለ፣ እዚህ ላይ ነገሩ ይወሳሰባል። የካሜራው ሴንሰር ራሱ ጥለት ነው። ፒክስሎቹ በተፈጥሯቸው ቀለም ስለማይለዩ በላያቸው ላይ አረንጓዴ፣ ቀይና ሰማያዊ ማጣሪያ በፈረቃ ተዘርግቷል፤ ግማሹ አረንጓዴ፣ ሩቡ ቀይ፣ ሩቡ ሰማያዊ። ንድፉ የኮዳኩ ብራይስ ባየር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1976 የፈጠራ መብት ወጥቶለታል። አረንጓዴው የበዛው የሰው ዓይን ጥራትን ይበልጥ የሚለየው በአረንጓዴ ስለሆነ ነው። ስለዚህ ጥብቅ የተሸመነ ነጠላ በሩቁ ሲነሣ ሽመና በሽመና ላይ ይወድቃል፤ የድርና የማጉ መስመር ከፒክስሉ መስመር ጋር ይጋጭና ነጠላው ላይ ማንም ያልሸመነው ወዝዋዛ ቀስተ ደመና ይወጣል። ሞይሬ ይሉታል፤ ስሙም የመጣው ከጨርቅ ዓለም፣ ውኃ ውኃ የሚል ሐር ከሚጠራበት ቃል ነው።

ሸማኔው ይህን ስክሪን ላይ ሲያዩ በሁለት ነገር ይገረማሉ። አንደኛ፣ ጥለቱ የሳቸው አይደለም። ሁለተኛ፣ መጥፎ አይደለም። ተማሪው ለማጥፋት አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ማለት ይበቃዋል፤ ርቀቱ ሲለወጥ መስመሮቹ ይላቀቃሉ። ማታ በኮምፒውተር ለማጥፋት የሞከረ ግን ቀስተ ደመናውን ከነፈትሉ ያጠፋል።

የዱንጉዛው ቀይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር የሆነው ይህ የጋሞ ጥለት ፀሐይ ላይ ሲነሣ ቀዩ ከሌላው ቀድሞ ይሞላል፤ ሂስቶግራሙ በጥቅሉ ደህና ነው ሲል የቀዩ መስመር ለብቻው ግድግዳውን ገጭቷል። በዱንጉዛ ሱሪ ላይ አንድ በአንድ የተቆጠረው ክር ቀለም ተደፍቶበት እንደ ፕላስቲክ ይሆናል። እዚህ ደግሞ ቁልፏ ወደ ማይነስ ትገፋለች። ለጋቢ ፕላስ፣ ለዱንጉዛ ማይነስ፤ ጋቢ ደርቦ ዱንጉዛ የታጠቀ ሰው ከመጣ ምን ይደረጋል የሚለውን መምህራን ለፈተና ያስቀምጡታል።

ማታ ኤዲቲንግ ይጀመራል። ፎቶሾፕ የተወለደው ከዩኒቨርሲቲ ተማሪ እጅ ነው። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ የነበረው ቶማስ ኖል እ.ኤ.አ. በ1987 ጥናቱን እየሸሸ ጀመረው፣ ወንድሙ ጆን ገፋበት፣ አዶቤ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1990 ለገበያ አወጣው። ጥናት የሚሸሽ ተማሪ ሁሉ ይህን ታሪክ በቃሉ ያውቃል፣ ፕሮግራሙን ከማወቁ በፊት።

ምስልን ማሳመር ግን ከኮምፒውተር የቆየ ነው። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን እ.ኤ.አ. በ1905 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ፣ ሙያውም በልጆቹ ቀጠለ። ኋላ በአዲስ አበባ ፎቶ ቤቶች ጥቁርና ነጭ ፎቶ በእጅ ቀለም ይቀባ ነበር፤ ከንፈር ቀይ፣ ቀሚስ አረንጓዴ፣ ጉንጭ እንደ ከፋዩ። ዛሬ የተለወጠው ብሩሹ ነው። ጥያቄው ያው ነው፦ «እባክህ ትንሽ ቀላ አድርገኝ።»

ጠይም ፊትን በማጥቆሩ በኩል ካሜራውም ንጹሕ አይደለም። በፊልም ዘመን የኮዳክ የቀለም መለኪያ «ሸርሊ ካርድ» የሚባል የነጭ ሴት ፎቶ ነበር፤ ማተሚያው የሚስተካከለው በሷ ቆዳ ነው። ኩባንያው የቡናማን ዓይነቶች በደንብ ወደ መለየት የገፋው አንዱ ምክንያት የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ ነጋዴዎች ምርታችን በፎቶ አይለይም ብለው ማማረራቸው ነው። ለጠይም ሰው ቸኮሌት አማላጅ ሆነለት ማለት ነው።

ስለዚህ ጥሩ ተማሪ የሰውየውን ፊት ከጋቢው ለይቶ ያያል። ሌየር የሚሉት ለዚህ ነው፤ በዋናው ፎቶ ላይ ስስ ንብርብር ይደረባል፣ ፊት ትንሽ ይበራል፣ ጋቢው ግን ባለበት ይቆያል፣ ካልተስማማም ንብርብሩ ይገፈፋል። መጥፎ ተማሪ በዋናው ላይ ይሠራል። ብጉር ያጠፋል፣ ሽበት ያጠፋል፣ መጨማደድ ያጠፋል፤ የሰባ ዓመት ሽማግሌ እንደ ሙሽራ ይወለውላል። ሲያጌጡ ይመላለጡ የተባለው ይህን ሳያዩ ነው።

ከሁሉ የሚያስቀው ጀሪካኗ ናት። ተማሪው ከቤቱ ፊት ያለችውን ቢጫ ጀሪካን፣ ጥግ ላይ የቆመውን ሞተር ሳይክልና የመብራቱን ገመድ አጥፍቶ «ጥንታዊ ዶርዜ» ብሎ ይጽፍበታል። ጀሪካኗ ግን የቤቱ ውኃ ናት፤ ቤተሰቡ ፎቶውን ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው የት ሄደች ብሎ ነው። በዜና ፎቶ ይህ ወንጀል ነው። ሮይተርስ እ.ኤ.አ. በ2015 ለተባባሪ ፎቶ አንሺዎቹ ከጥሬው የሮው ፋይል የተሠራ ምስል አትላኩልን፣ ካሜራው ራሱ ያወጣውን ጀፔግ ብቻ ላኩ እስከ ማለት ደርሷል።

ኃይሉ ከቴክኒክ ስላልሆነ ምስል ደግሞ አርባ ምንጭ የራሷ ምሳሌ አላት። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ በዶርዜና በሌሎች የጋሞ ተወላጆች ላይ የደረሰው ግድያ ሲሰማ፣ አርባ ምንጭ ላይ ለበቀል በተነሡት ወጣቶች ፊት የጋሞ ሽማግሌዎች ለምለም ሣር ይዘው ተንበረከኩ። ወጣቶቹ ተመለሱ። ምስሉ አገር አዳረሰ። የሌንሱ ቀዳዳ፣ አፐርቸሩ፣ ስንት ነበር ብሎ የጠየቀ አልተሰማም።

ቁልቁል ሲወረድ አንድ ነገር ይቀራል። የዶርዜን ብርድ የጠጣ ካሜራ አርባ ምንጭ ሙቀት ውስጥ ድንገት ሲወጣ ሌንሱ ላብ ያልበዋል። ቦርሳው ሳይከፈት ትንሽ መቆየት አለበት። በሸሚዝ ጫፍ የሚጠርግ ይጭረዋል።

መስቀል ሲቃረብ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ያሉት የዶርዜ ሸማኔዎች ወደ አገራቸው ይመለሳሉ፣ ዶርዜ በሰው ትሞላለች። ቃሉን የሚጠብቅ ተማሪ ፎቶውን አሳትሞ የሚያመጣው ያን ጊዜ ነው። ጋቢው ፕላስ አንድ ተነሥቷል፣ ሂስቶግራሙ ልክ ነው፣ ፊቱ በስስ ሌየር በርቷል፣ ዳር ዳሩ ለውበት ተቆርጧል። ሽማግሌው ወረቀቱን ተቀብለው ወደ ብርሃን ዘወር ያደርጉታል። ልጆቻቸው ከሁለት በኩል ያጮልቃሉ።

«ነጭ ነው» ይላሉ።

ተማሪው ፈገግ ይላል። ሽማግሌው ፊታቸውን አላዩም፤ ጣታቸው በጋቢው ላይ ቁልቁል እየሄደ የወረቀቱ ጠርዝ ላይ ይደርሳል፣ እዚያው ይቆማል።

«ጥለቱስ?»

«እሱ… ክሮፕ ሲደረግ ነው፣ አባባ።»

ሽማግሌው ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን ያያሉ።